የጆይስቲክ ቻርጅ ማድረጊያ ስቴሽን ከመግዛታችሁ በፊት

ስቴሽን፣ ማለትም ጆይስቲክ ተቀምጦ የሚሞላበትን መቆሚያ፣ ሊገዛ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ይይዛል?" ብሎ ነው። ሻጩ ሰክቶ ቀይና ሰማያዊ መብራቱን ያሳየዋል፤ ግዢው እዚያው ያልቃል። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ፒኤስ ቤት (ፕሌይስቴሽን የሚያጫውት ቤት) ላለው ሰው ግን ከዚያ የሚቀድሙ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ጆይስቲኩ ከስቴሽኑ ጋር የሚነካካው በየት በኩል ነው? ሁሉም ቦታ ሲሞላ ለእያንዳንዱ ጆይስቲክ ስንት አምፔር ይደርሰዋል? መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚቃጠለው ምኑ ነው፣ የተቃጠለውስ ለብቻው ይተካል ወይ? ለሦስቱም ጥሩ መልስ ያለው ባለ ሁለት ስቴሽን፣ መልስ ከሌለው ባለ አራት ይበልጣል። ለቤቱ ለሚገዛም ሰው ነገሩ ያው ነው፤ የፒኤስ ቤት ጆይስቲክ በአንድ ቀን የሚነቀለውንና የሚሰካውን ያህል የቤቱ በሳምንት ስለሚሆን ችግሩ ቀስ ብሎ ይመጣል እንጂ አይቀርም።

መጀመሪያ ጆይስቲካችሁን ገልብጣችሁ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። የፒኤስ4 ኦርጅናል ጆይስቲክ ጀርባ ላይ 5 ቮልት 800 ሚሊ አምፔር ይላል። ውስጡ ያለው ባትሪ 3.65 ቮልት፣ 1000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው፤ አምራቹ ከባዶ ተነስቶ ለመሙላት 2 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል ይላል። የፒኤስ5ቱ 5 ቮልት 1500 ሚሊ አምፔር ነው፤ ባትሪው 1560 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ የመሙያ ጊዜው 3 ሰዓት ገደማ። እነዚህን ቁጥሮች ያዙ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ ሁሉ በእነሱ ላይ ነው የሚቆመው።

አራት የፒኤስ4 ጆይስቲክ ባንድ ላይ ሙሉ ፍጥነት እንዲሞሉ 4 ጊዜ 0.8፣ ማለትም 3.2 አምፔር ያስፈልጋል። ከስቴሽኑ ጋር የሚመጣው አዳፕተር ወይም እናንተ የምትሰኩት የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት 2 አምፔር ከሆነ ለእያንዳንዱ ግማሽ አምፔር ይደርሳል፤ እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል፣ ይህ ደግሞ ይቻላል። ቻርጀሩ 1 አምፔር ከሆነ ግን 0.25 አምፔር ነው የሚደርሳቸው። ከ4 ሰዓት በላይ ይሄዳል ማለት ነው፤ መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ 4 ሰዓት ሙሉ መብራት የማይገኝበት ቀን አለ። ደግሞም ደካማ አዳፕተር ያለውን በእኩል አካፍሎ ዝም አይልም። አቅሙ ሲያልፍ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ለሁለት የፒኤስ5 ጆይስቲክ 3 አምፔር፣ ለአራት የፒኤስ4 ቢያንስ 2.5 አምፔር በ5 ቮልት መስመር ላይ የሚሰጥ ቻርጀር ፈልጉ።

"በ5 ቮልት መስመር ላይ" የምንለው በምክንያት ነው። የአሁኑ ስልክ ቻርጀር ላይ 33 ዋት ወይም 65 ዋት ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ያ ዋት የሚገኘው ቮልቴጁ ወደ 9፣ ወደ 11 ወይም ወደ 20 ከፍ ሲል ነው። ስቴሽኑ ያንን ስለማይጠይቅ 5 ቮልት ላይ ይቆያል። ስለዚህ በትንንሹ የተጻፈውን አንብቡ፤ "5 ቮልት 2 አምፔር" ካለ ለእናንተ 10 ዋት ቻርጀር ነው። በዚያው ልክ "ትልቅ ቻርጀር ጆይስቲክ ያቃጥላል" የሚባለው ስጋት መሠረት የለውም። ደህና የተሠራ ፈጣን ቻርጀር ካልተጠየቀ ከ5 ቮልት በላይ አይሰጥም፤ ጆይስቲኩም የሚስበው የራሱን መጠን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ኮንታክቱ።

ስቴሽን ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው ሰርኪዩት አይደለም የሚበላሸው፤ ጆይስቲኩን የሚነካው ብረት ነው። የፒኤስ5 ጆይስቲክ ከታች በኩል፣ የኢርፎን ቀዳዳው ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሉት። ለዚሁ ሥራ ብለው ያስቀመጡት ስለሆነ ስቴሽኑ ታይፕ ሲ ቀዳዳውን ሳይነካ በእነሱ በኩል ይሞላል። ለፒኤስ5 ስቴሽን ስትገዙ ከዚህ ውጭ ያለውን መንገድ አትምረጡ። የፒኤስ4 ጆይስቲክ ላይ ደግሞ ከታች፣ ኢርፎን ከሚሰካበት ጎን፣ ጠፍጣፋ ቀዳዳ አለች፤ ኤክስት የምትባለው። በዚህች በኩል የሚሞላ ስቴሽን ጆይስቲኩን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ማይክሮ ዩኤስቢውም ያርፋል። በእኛ እይታ ለፒኤስ4 ኦርጅናል ጆይስቲክ ከዚህ የተሻለ የለም።

ሦስተኛው ዓይነት ከስቴሽኑ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የማይክሮ ዩኤስቢ ምላስ ያለው ነው። ጆይስቲኩ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ይሰካበታል። ቤት ውስጥ፣ ቀስ ብሎ የሚሰካ ሰው ብቻ ከሆነ ያገለግላል። ፒኤስ ቤት ውስጥ ግን ጨዋታ ያለቀበት ልጅ ጆይስቲኩን በአንድ እጁ ወርወር አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው፤ የጆይስቲኩ ክብደት በሙሉ በዚያች ቀጭን ምላስ ላይ ያርፍና ትጣመማለች። የከፋው ደግሞ ምላሷ ሳትሰበር የጆይስቲኩን ቀዳዳ ማላቀቋ ነው። ያ ቀዳዳ ከዋናው ቦርድ የተለየ ትንሽ ቦርድ ላይ ነው የተበየደው፤ በጠፍጣፋ ሪባን ኬብል ከዋናው ጋር ይገናኛል። ሲላቀቅ ትንሿን ቦርድ መቀየር ይቻላል፣ ግን ስሪቷ ብዙ ስለሆነ ቦርዷ ላይ ጄዲኤስ ብሎ የሚጀምረውን ቁጥርና የሪባኑን እግር ብዛት፣ 10 ይሁን 12 ወይም 14፣ አይታችሁ ካልገዛችሁ አይገጥምም። አሮጌውን ቦርድ ነቅላችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ መርካቶ ወይም መገናኛ መሄድ ከሁለተኛ ምልልስ ያድናል።

አራተኛው ትንሽ መሰኪያ ጆይስቲኩ ቀዳዳ ውስጥ ተክሎ እዚያው የሚተው ነው። መሰኪያዋ ውጭ በኩል ሁለት ነጥብ ወይም ማግኔት አላት። ቀዳዳውን ከመላላት ታድናለች። ጉድለቷ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙዎቹ የሚያሳልፉት ኃይል ብቻ ነው፣ ዳታ አያሳልፉም፤ ጆይስቲኩን በኬብል ከማሽን፣ ከፒኤሱ፣ ጋር ማስተዋወቅ ስትፈልጉ መነቀል አለባት፣ በተነቀለች ቁጥርም ትጠፋለች። ሁለተኛ፣ ስቴሽኑ የሚቀበለው የራሱን መሰኪያ ብቻ ስለሆነ አንዷ ስትጠፋ አንድ ቦታ ሥራ ፈታ ማለት ነው። ትርፍ መሰኪያ ለብቻው የማይሸጥለትን አትግዙ።

ኮፒ ጆይስቲክ ያላችሁ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም በሉ። በከተማው ዳር ባሉ ፒኤስ ቤቶች ውስጥ ከሚሠሩት ጆይስቲኮች ብዙዎቹ ኮፒ ናቸው፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ግን ስቴሽን አመራረጡን ይቀይረዋል። ኮፒው ላይ የኤክስት ቀዳዳ ቅርጹ ይኖራል፣ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ሽቦ የለውም። ኤክስት የሚጠቀም ስቴሽን ላይ ስታስቀምጡት ምንም አይሆንም፣ ሻጩን "ስቴሽኑ አይሠራም" ትሉታላችሁ፣ እሱም በኦርጅናል ሞክሮ ሲሠራ ያሳያችኋል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ስለዚህ ለኮፒ ጆይስቲክ በማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳ በኩል የሚገባ ነው የሚያስፈልገው፤ አለበለዚያ መጨረሻ ላይ የምንነግራችሁ አማራጭ።

ስለ ስቴሽኑ መብራትም እንነጋገር፤ ሰውን በጣም የሚያሳስተው እሱ ነውና። ቀይ እየሞላ ሳለ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሞልቶ ሲያበቃ ይባላል። ርካሽ ስቴሽን ግን ባትሪው መሙላቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያየው ከረንት እየተሳበ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። ከረንት ካነሰ አረንጓዴ ይበራል። ኮንታክቱ ቆሽሾ ወይም ጆይስቲኩ ተንጋዶ ምንም ሳይስብ ሲቀርም ያው አረንጓዴ ነው የሚበራው። ማታ አረንጓዴ አይታችሁ ዘግታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ጠዋት ጆይስቲኩ ባዶ ነው። ማመን ያለባችሁ የጆይስቲኩን የራሱን መብራት ነው። የፒኤስ4ም የፒኤስ5ም ጆይስቲክ ጠፍቶ ቻርጅ ሲደረግ ብርቱካናማ መብራቱ ቀስ እያለ ይበራል ይጠፋል፤ ሲሞላ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ስትሰኩት ብርቱካናማውን ካላያችሁ፣ ስቴሽኑ ምንም ቀለም ቢያሳይ፣ አልያዘም። አንሱና መልሳችሁ አስቀምጡ።

እንግዲህ ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ፈተና። "ወንድሜ፣ ሞክሬው ነው የምወስደው" ማለት ነውር የለውም፤ በቴሌግራም የምትገዙ ከሆነም ከመገናኘታችሁ በፊት ይህንኑ ተስማሙ። የራሳችሁን ጆይስቲክ፣ የምትጠቀሙበትን ቻርጀርና ኬብል፣ ከተቻለም ትንሿን የዩኤስቢ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። ይህች ቴስተር በቻርጀሩና በኬብሉ መካከል ተሰክታ ቮልትና አምፔር የምታሳይ ናት፤ ለፒኤስ ቤት ባለቤት ከስክሩድራይቨር ቀጥሎ የምትመጣ ዕቃ ናት ብንል አልተጋነነም። ጆይስቲኩ ባትሪው ዝቅ ያለ ይሁን፤ የሞላ ጆይስቲክ ምንም አይስብም፣ ፈተናውም ከንቱ ነው።

አንድ ጆይስቲክ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ እያፈራረቃችሁ አስቀምጡና ንባቡን ተመልከቱ። ባዶ የፒኤስ4 ጆይስቲክ ከ0.4 እስከ 0.8 አምፔር መሳብ አለበት። አንዱ ቦታ ላይ 0.6፣ ሌላው ላይ 0.1 ካነበበ ያ ቦታ ኮንታክቱ ወይም ሽቦው ችግር አለበት። ቀጥሎ ሁሉንም ቦታ ሙሉና ቮልቴጁን እዩ፤ ከ4.75 ቮልት በታች ከወረደ ቻርጀሩ ወይም ኬብሉ አልቻለም፣ በሌላ ቀይራችሁ ድገሙት። ከዚያ ጆይስቲኩን ሳታነሱ ግራና ቀኝ በጣት ገፋ ገፋ አድርጉት። ንባቡ ዜሮ እየገባ የሚመለስ ከሆነ ኮንታክቱን የሚገፋው ስፕሪንግ ደካማ ነው፤ ጠረጴዛ በተነካ ቁጥር ይቋረጣል። ቢያንስ 15 ደቂቃ አቆዩትና አዳፕተሩንና የስቴሽኑን ሆድ በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ግን ተዉት። ሱቁ መብራት ከሌለው ፓወር ባንክ ይዛችሁ ሂዱ።

ቴስተር ከሌላችሁ ግማሽ ፈተና አለ። ባዶ ጆይስቲክ አስቀምጣችሁ ብርቱካናማው ሳይቋረጥ 15 ደቂቃ መቆየቱን ተከታተሉ፣ ከዚያ ጆይስቲኩን ከማሽን ጋር አገናኝታችሁ ፒኤስ ምልክቱን ጫን ብላችሁ ያዙና የባትሪው ምልክት መነሳቱን እዩ።

ኬብሉን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ቀጭን ኬብል ላይ 28 ኤደብሊውጂ ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ይህ ቁጥር ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ባለ 28ቱ ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ ይከለክላል። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ 2 ሜትር ኬብል 4 ሜትር ሽቦ ነው፤ 0.85 ኦም። 1.5 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 1.3 ቮልት ይበላል፤ ከ5 ቮልቱ ስቴሽኑ ጋ የሚደርሰው 3.7 ብቻ ነው። በዚህ ባትሪ አይሞላም። ባለ 24 ሽቦ ያለው ያው 2 ሜትር ኬብል የሚበላው ግማሽ ቮልት ገደማ ነው። ስቴሽኑን ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት አጠገብ አድርጋችሁ ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ኬብል ተጠቀሙ፤ ርቀቱን በ220 ቮልቱ በኩል፣ በዲቫይደር አድርጉት።

ታይፕ ሲ መግቢያ ያለው ስቴሽን ላይ አንድ የተለየ ነገር ያጋጥማል። ከሁለቱም በኩል ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል ስትሰኩት ምንም አይበራም፣ በተለመደው ሰፊ ዩኤስቢ ኬብል ግን ይሠራል። አልተበላሸም። ርካሾቹ ቻርጀሩን "እዚህ ዕቃ አለ" የሚሉለትን ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ስለሚያስቀሩባቸው የታይፕ ሲ ቻርጀር ኃይል አይለቅላቸውም። ለእነሱ የሚሆነው ባለ ሰፊ ዩኤስቢ ቻርጀር ነው።

አዳፕተሩ ተለይቶ የሚነቀል ይሁን እንጂ ከስቴሽኑ ጋር የተበየደ አይሁን። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሞተው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አዳፕተሩ ነው፤ ተለይቶ ከሆነ ሌላ ቻርጀር ሰክታችሁ ትቀጥላላችሁ። በአዳፕተሩ ላይ 100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ መጻፉን አረጋግጡ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ አያድነውም፤ የእኛ 220 ነው። ለፍሪጅ የሚሸጠው ቮልቴጅ ጠባቂ፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስገባው፣ ማሽኖቹንም ስቴሽኑንም ባንድ ላይ ይጠብቃል። እሱ ከሌለ መብራት እንደሄደ የዲቫይደሩን ማብሪያ ማጥፋት፣ ከመጣም በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል መታገስ። ስቴሽኑን እንጀራ ምጣድ ወይም የውኃ ማፍያ ከተሰካበት ዲቫይደር ጋር አታጋሩት።

ክብ ቀዳዳ ያለው ስቴሽን ከገዛችሁ የዋይፋይ አዳፕተራችሁን ከአጠገቡ አርቁ። የዋይፋይ ራውተሩ አዳፕተር ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ነው፣ ሶኬቱ ግን በመጠን ያው ሊሆን ይችላል፤ በትክክል ይገባል። 12 ቮልት የገባበት የ5 ቮልት ስቴሽን ወዲያው ይሞታል፣ አብሮት ጆይስቲክ ሊወስድም ይችላል። ሁለቱም አዳፕተሮች ላይ የተለያየ ቀለም ፕላስተር ለጥፉ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆዩት፣ የዋይፋይ ዩፒኤስ የሚባሉት ትንንሾቹም 5፣ 9 እና 12 ቮልት ጎን ለጎን ስለሚያወጡ ያው ጥንቃቄ ይገባቸዋል።

ስቴሽንን ለከተማው ዳር ሰው ከቅንጦት ወደ አስፈላጊ ዕቃ የሚያሻግረው የሬስት ሞድ፣ ማለትም ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ የሚያርፍበት፣ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ማታ ጆይስቲኩን ማሽኑ ላይ ሰክቶ፣ ማሽኑን ሬስት ሞድ ላይ ትቶ ይተኛል። ፒኤስ4 ላይ ይህ የሚሠራው ሴቲንግስ፣ ፓወር ሴቭ ሴቲንግስ፣ ከዚያ የሬስት ሞድ ምርጫዎች ውስጥ ለዩኤስቢ ፖርቶች ኃይል የሚሰጠው ከተከፈተ ነው፤ ለ3 ሰዓት ወይም ሁልጊዜ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ሬስት ሞድ ላይ ያለ ማሽን አልጠፋም። ሌሊት መብራት ሲቋረጥ ድንገት እንደተነቀለ ነው የሚቆጥረው፤ ጠዋት ሲነሳ በትክክል አልተዘጋም ብሎ ሃርድ ዲስኩን መፈተሽ ይጀምራል። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም ሃርድ ዲስክ ይበላሻል፣ የተቀመጠ ጨዋታ ይጠፋል። ውድ የሆነውን ማሽን በርካሽ ዕቃ ሥራ አታድክሙ። ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ጆይስቲኩን ስቴሽን ላይ አድርጉ። ስቴሽኑንም ከማሽኑ ዩኤስቢ ላይ ሰክቶ መጠቀም ያው ችግር ውስጥ መመለስ ነው፤ በዚያ ላይ የፒኤስ4 ፖርት የሚሰጠው 0.9 አምፔር አካባቢ ስለሆነ ለሁለት ጆይስቲክ አይበቃም።

መብራት ለሰዓታት ለሚጠፋበት ፓወር ባንክ ጥሩ ጓደኛ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነውን ስንቀንስ 60 ገደማ ይቀራል። አንድ የፒኤስ4 ጆይስቲክ ከባዶ ሲሞላ 5 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይሞላል። የፒኤስ5ቱ ወደ 8 ስለሚወስድ 7 ጊዜ ገደማ። ፓወር ባንኩ ላይ ከትልቁ ቁጥር ስር "ሬትድ ካፓሲቲ" ብሎ የሚጽፈውን እመኑ፤ እውነተኛው እሱ ነው። ሊታወቅ የሚገባው ጠባዩ፣ የሚሳበው ከረንት ሲያንስ ፓወር ባንኩ "ዕቃ የለም" ብሎ ራሱን ማጥፋቱ ነው። ጆይስቲኮቹ ሊሞሉ ሲቃረቡ ይቋረጣል፤ 90 በመቶ ላይ ከቆመ ብልሽት አይደለም።

ስንት ቦታ ያስፈልጋል ለሚለው፦ የፒኤስ4 ጆይስቲክ እንደ ባትሪው ዕድሜ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያጫውታል። 5 ሰዓት ተጫውቶ በ2 ሰዓት ተኩል የሚሞላ ከሆነ ለሁለት የሚሠሩ አንድ የሚሞላ ይበቃል። ሦስት ማሽን ያለው ቤት ስድስት ይዞ ሦስት ይለውጣል፤ ባለ አራት ስቴሽን አንድ፣ ወይም ባለ ሁለት ሁለት። እኛ ሁለት ባለ ሁለት እንመርጣለን፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ።

እዚህ ላይ ግን ስቴሽን ያልነበራቸው ቤቶች የማያውቁት ጣጣ ይመጣል። ጆይስቲክ የሚያውቀው መጨረሻ በኬብል የተዋወቀውን ማሽን ነው። የማሽን 1 ጆይስቲክ ከስቴሽን ተነስቶ ለማሽን 3 ተጫዋች ቢሰጥ፣ ልጁ ፒኤስ ቁልፉን ሲጫን ማሽን 1 ላይ ይገባና የሰው ጨዋታ ይረብሻል። ጆይስቲኮቹን በቀለም ፕላስተር በማሽን ለዩ፣ የስቴሽኑንም ቦታ በዚያው ቀለም። የግድ ማሽን መቀየር ካለበት ዳታ በሚያሳልፍ ኬብል አዲሱ ማሽን ላይ ሰክቶ ፒኤስ ቁልፉን መጫን ነው። ስቴሽን ላይ ሆኖ ብርቱካናማ አልበራ ያለ ጆይስቲክ ደግሞ በኬብልም እምቢ ካለ፣ ጀርባው ላይ ባለችው ቀጭን ቀዳዳ በመርፌ ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ተጭናችሁ ሪሴት አድርጉት፤ ከዚያ እንደገና ከማሽኑ ጋር ይተዋወቃል።

ፒኤስ3 አሁንም የሚያሠራ ሰው ስቴሽን ከመግዛቱ በፊት ይህን ይወቅ፦ ኦርጅናሉ ጆይስቲክ በተራ የስልክ ቻርጀር አይሞላም። ከማሽን ወይም ከኮምፒውተር ጋር በዳታ ካልተነጋገረ ከረንት አይቀበልም። ስለዚህ ለእሱ የተሠራ መሆኑን በራሳችሁ ጆይስቲክ ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። የኤክስቦክስ ጆይስቲክ በሁለት ተራ ድንጋይ ስለሚሠራ ጥሩው ስቴሽን አራት የሚሞሉ ድንጋዮችና እያንዳንዱን ለየብቻ የሚሞላ ቻርጀር ነው። የጀርባ ክዳን ያለው ስቴሽን ከመረጣችሁም የኤክስቦክስ ዋን እና የኤክስቦክስ ሲሪስ ክዳን መጠናቸው ይለያያል፤ የእናንተን ይዛችሁ ሂዱ።

ቦታውን በተመለከተ፣ አምራቹ ለቻርጅ የሚመክረው ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ቆርቆሮ ክዳን ያለው ክፍል እኩለ ቀን ላይ ከዚያ ያልፋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከ10 በታች ይወርዳል። ስቴሽኑን ከጣሪያው ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከመስኮት ፀሐይ አርቃችሁ፣ እንጨት ላይ አስቀምጡ፤ አልጋ ወይም ስፖንጅ ላይ አይሁን። ከስሩ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፉለት፣ ጆይስቲክ ሲነሳ አብሮ እንዳይነሳ። አስፋልት ባልደረሰው መንገድ ዳር ያለ ቤት ሲዘጋ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፍንበት፤ ቻርጅ እያደረገ ሳለ ግን አይሸፈንም።

በየሁለት ሳምንቱ ነቅላችሁ የሁለቱንም ወገን ኮንታክት ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት፣ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረጉ። የእጅ ላብ ጨው ስላለው ብረቱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ያመጣል። ጄል የሆነው የእጅ ማጽጃ አይሆንም፤ የሚያጣብቅ ቅሪት ይተዋል። እስኪደርቅ ጠብቁና ሰኩ። በምላጭ ወይም በቢላ አትፋቁት፣ ከላይ ያለው ልባጥ ከተነሳ ዝገቱ ይፈጥናል።

ባትሪው ካረጀ ስቴሽን መቀየር አይረዳውም። ተሞልቶ 1 ሰዓት የማያጫውት ጆይስቲክ ባትሪ ይፈልጋል። የፒኤስ4 ባትሪ ሶኬቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያው ስሪት ትልቁን፣ ሁለተኛው ትንሹን ይወስዳል፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። በዚያው መጠን 2000 ወይም 3000 ተብሎ የተጻፈበትን አትመኑ፣ ለዚያ የሚሆን ቦታ እዚያ ውስጥ የለም። የጆይስቲኩ ሽፋን መገጣጠሚያው ላይ ከተከፈተ ባትሪው አብጦ ሊሆን ስለሚችል ከስቴሽኑ ወዲያው አንሱት፣ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ እንደገናም ቻርጅ አታድርጉት።

ጆይስቲኮቻችሁ ኮፒ ከሆኑ ወይም ፈተናውን ያለፈ ስቴሽን ካጣችሁ ይህን አድርጉ። በ5 ቮልት መስመር ላይ በድምሩ ከ4 አምፔር ያላነሰ የሚሰጥ ባለ አራት ቀዳዳ ዩኤስቢ ቻርጀር፣ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት ወፍራም ኬብሎች፣ ለእያንዳንዱ ጆይስቲክ ማግኔት ጫፍ። ከጣውላ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደርደሪያ አሠርታችሁ በየቦታው የኬብል መውጫ አስበሱ፤ ቻርጀሩ ከስር በብሎን ይታሰራል። አንድ ኬብል ሲበላሽ ያንኑ ብቻ ትቀይራላችሁ። ከኬብሎቹ ቢያንስ አንዱ ዳታ የሚያሳልፍ ተራ ኬብል ይሁንና ቀይ ፕላስተር ለጥፉበት፤ ጆይስቲክ ከማሽን ጋር የምታስተዋውቁት በእሱ ነው።